ሦስት ቡድን፣ አንድ ጽድ፦ የመለያ ቁልፍ የሚስተው የት ነው?

ጥያቄ፦ «ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት የ9ኛ ክፍል የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ስለ ሕያዋን ምደባ ሳስተምር ለእንግሊዝ አገር ተማሪዎች የተዘጋጀ የዛፎች መለያ ቁልፍ ከኢንተርኔት አውርጄ ተረጎምኩና፣ በግቢያችን ያለውን አንድ ትልቅ ጽድ ተማሪዎቼ በሦስት ቡድን ሆነው እንዲለዩበት አደረግሁ። አንደኛው ቡድን ከታችኛው ቅርንጫፍ መርፌ መሳይ ቅጠል ቆርጦ ‹የአውሮፓ ጁኒፐር› ላይ ደረሰ። ሁለተኛው ከላይኛው ቅርንጫፍ ቅርፊት መሳይ ቅጠል፣ ከመሬት ደግሞ ክብ ደረቅ ፍሬ አንሥቶ ‹ሳይፕረስ ነው› አለ። ሦስተኛው በዛፉ ላይ ምንም ፍሬ ስላላገኘ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ቁልፉን የመረጥኩት የዝርያዎቹን ዝምድና ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ስለመሰለኝ ነበር። ስህተቱ የቁልፉ ነው ወይስ የተማሪዎቹ? ይህን ትቼ በስልክ መተግበሪያ ብጠቀም አይሻልም?»

ምላሽ፦ ተማሪዎቹ አልተሳሳቱም፤ ሦስቱም ቡድኖች በእጃቸው የያዙትን በትክክል አይተዋል። ቁልፉም ለተሠራለት አገር የተሳሳተ ነው ለማለት ምክንያት የለም። ውጤቱን ያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቁልፉ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለውን ዛፍ እንዲለይ መጠየቁና ለየቡድኑ የደረሰው ናሙና የዛፉን ሙሉ መልክ የማይወክል መሆኑ። ሁለቱም የሚታረሙ ስለሆኑ ትምህርቱን መተው አያስፈልግዎትም፤ መተው ያለብዎት ያንን ቁልፍ ነው።

የመለያ ቁልፍ ዝግ ዝርዝር ነው። አዘጋጁ አስቀድሞ የተወሰኑ ዝርያዎችን ይሰበስብና በእነርሱ መካከል ብቻ ልዩነት የሚያወጡ ምልክቶችን መርጦ፣ ተቃራኒ ዓረፍተ ነገሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይደረድራል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ዛፍ ሲቀርብለት «ይህን አላውቀውም» የሚልበት መንገድ የለውም፤ ተጠቃሚውን በየጥንዱ እየመራ ከሚያውቃቸው መካከል በምልክት ወደሚቀርበው ያደርሰዋል። የሐበሻ ጽድ የሚመደብበት ወገን (ጂነስ) ጁኒፐር ይባላል፤ በእንግሊዝ አገር በተፈጥሮ የሚበቅለው ጁኒፐር ግን አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ ጁኒፐረስ ኮሙኒስ የሚባለው ይህ ዛፍ ከችግኝነቱ እስከ እርጅናው መርፌ መሳይ ቅጠሉን አይለውጥም። ስለዚህ እዚያ «ቅጠሉ መርፌ መሳይ ነው፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ዛፉን በበቂ ሁኔታ ይለየዋል። የእኛው የሐበሻ ጽድ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ፣ ግን ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው፤ ችግኝ ሳለ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም የሚዋጋ መርፌ፣ ሲጎለምስ ደግሞ ከቅርንጫፉ ጋር የተጣበቀና ርዝመቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቅርፊት መሳይ ቅጠል ያወጣል። በጎለመሰው ዛፍም ላይ ቢሆን በጥላ ሥር ባሉና ተቆርጠው እንደገና ባቆጠቆጡ የታች ቅርንጫፎች ላይ መርፌው ሊገኝ ይችላል። እንግሊዝ አገር የዝርያ መለያ የሆነው ምልክት እዚህ የዕድሜ ምልክት ነው። የመጀመሪያው ቡድን ወደ አውሮፓ ዛፍ የተወሰደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለተማሪዎቹ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የእንጦጦን ዳገት የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ችግኝ ሳለ ቅጠሉ ሰፊ፣ ሰማያዊ ግራጫ፣ ያለ ዘንግ በግንዱ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጠ ነው፤ ሲያድግ ግን ማጭድ መሳይ፣ ረጅም፣ ባለ ዘንግና በየተራ የሚወጣ ቅጠል ይይዛል። ሁለቱን ቅጠሎች ጎን ለጎን አስቀምጠው «እነዚህ የአንድ ዛፍ ናቸው?» ብለው ቢጠይቁ፣ ባሕር ዛፍን ዕድሜ ልካቸውን ያዩ ልጆች እንኳን ይከራከራሉ። ክርክሩን ሳያቋርጡ ይተዉላቸው፤ ዕድሜ የሕያዋንን መልክ እንዴት እንደሚለውጥ ከማንኛውም ገለጻ በተሻለ ያስተምራቸዋል።

የሁለተኛው ቡድን ችግር ከዚህ የተለየ ነው። ከመሬት የተነሣው ፍሬ ከዚያ ዛፍ ለመውደቁ ማስረጃ አልነበራቸውም። በከተማችን የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ አጥር ላይ ተደባልቀው ስለሚተከሉ የጎረቤቱ ፍሬ በነፋስም በልጆች እግርም ከዚህ ዛፍ ሥር ይደርሳል። የፈረንጅ ጽድ፣ ኩፕረሰስ ሉሲታኒካ፣ ከሳይፕረስ ወገን ሲሆን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ በስም ቢመሳሰሉም ከሐበሻው ጽድ ጋር የሚጋሩት ቤተሰቡን እንጂ ወገኑን አይደለም። የፈረንጁ ጽድ ፍሬ፣ በትክክለኛው አጠራር ኮኑ፣ እንጨታማ ነው፤ ስፋቱ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሲደርቅ እንደ ጋሻ ባሉ ጥቂት ክፍሎች ይሰነጠቃል። የሐበሻው ጽድ ኮን ደግሞ ሥጋማ፣ ክብ፣ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ነው፤ ሲበስል ሰማያዊ ጥቁር ይሆንና በነጣ ያለ ሰም ይሸፈናል። በዚህ የተነሣ «ፍሬው ሥጋማ ነው» የሚል ጥንድ ያለበት ቁልፍ አበባ የሌለውን የሐበሻ ጽድ አበባ ወዳላቸው ዕፅዋት ሊወስደው ስለሚችል በዚያ በኩል ያለውን ወጥመድም ያስታውሱ። ደንቡ አጭር ነው፤ ከተክሉ ጋር ተያይዞ ያልታየ ነገር ለመለያነት አይቆጠርም።

የሦስተኛው ቡድን መቆም ከሁሉም የበለጠ የሚያስመሰግን ነው፤ የሌለውን ፍሬ ገምተው አልሞሉም። የሐበሻ ጽድ በአብዛኛው ወንድና ሴቱ የተለያየ ዛፍ ነው። ወንዱ ዛፍ የሚያወጣው በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሚታዩ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ ብናኝ የሚረጩ ጥቃቅን ኮኖችን ብቻ ስለሆነ ዘመኑን ሙሉ ፍሬ አይታይበትም። እርስዎ ከገለጹት ተነሥቼ ዛፉ ወንድ የሐበሻ ጽድ ነው ወደሚለው አደላለሁ። ምክንያቴ ሁለት ነው፤ በታችኛው ቅርንጫፍ መርፌ መሳይ ቅጠል ተገኝቷል፤ የፈረንጅ ጽድ ደግሞ ከጎለመሰ በኋላ እንጨታማ ኮኖቹን በቅርንጫፉ ላይ ለረጅም ጊዜ ስለሚያቆይ ትልቁን ዛፍ ጨርሶ ባዶ ሆኖ ማግኘት ብርቅ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ገና ዝንባሌ ነው፤ የሚያረጋግጠው ቅርንጫፉን በማጉያ መነፅር አይቶ ወንዴ ኮኖቹን ማግኘት ነው።

አሁን ወደ ዝምድናው ጉዳይ ልምጣ፤ ይህ አስተሳሰብ በክፍል ውስጥ ሥር ከሰደደ ኋላ ለማረም ያስቸግራልና። መለየትና መመደብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ምደባ ሕያዋንን በዝምድናቸው ያሰባስባል፤ ቁልፍ ግን የሚፈልገው በአጭር መንገድ ስም ላይ መድረስን ነው። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ እ.ኤ.አ. በ1778 የአገሩን ዕፅዋት ለመለየት ሁለት ሁለት የመክፈልን ስልት ሲጠቀም ዓላማው አንባቢው የማያውቀውን ተክል ስም እንዲያገኝ ነበር። ጥሩ ቁልፍ ሰሪ የሚመርጠው በቀላሉ የሚታየውን ምልክት ነው፤ ያ ምልክት ደግሞ ዝምድናን ላያመለክት ይችላል። እሾህ ያላቸውን ሁሉ በአንድ በኩል የሚሰበስብ ጥንድ ግራርን፣ አጋምን፣ ቀጋንና ኮሽምን ጎረቤት ያደርጋቸዋል፤ አራቱ ግን ከአራት የተለያዩ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው። ስለዚህ ቁልፉን የምደባ ትምህርት ማሳያ አድርገው አያቅርቡት። ከምደባው ትምህርት ቀጥሎ የሚመጣ የመለየት ልምምድ አድርገው ካቀረቡት ግን ቦታውን ያገኛል።

በቡድኖች መካከል ልዩነት መፈጠሩም ሊያስደነግጥዎት አይገባም፤ ስሌቱ ራሱ ይናገራል። አንድ ተማሪ በየጥንዱ ከ10 ጊዜ 9ኙን በትክክል ይመርጣል ብንልና ቁልፉ 7 ደረጃ ቢኖረው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይሳሳት የመድረስ ዕድሉ 48 በመቶ ያህል ነው። ትክክለኛነቱ ወደ 95 በመቶ ከፍ ቢል ዕድሉ 70 በመቶ ይሆናል። ስህተቱ በመጀመሪያው ጥንድ ላይ ከተፈጠረ ደግሞ ቀሪው ጥንቃቄ ሁሉ በተሳሳተ መንገድ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ሙያተኞች ከዚህ የሚወጡበት መንገድ አላቸው፤ በሚያጠራጥር ጥንድ ላይ ሲደርሱ የጥንዱን ቁጥር ይጽፉና ሁለቱንም መንገዶች እስከ መጨረሻ ይከተላሉ፤ ከዚያም የደረሱባቸውን ሁለት ስሞች ከዝርያዎቹ ሙሉ ገለጻ ጋር ያመሳክራሉ። ቁልፉ የሚሰጠው ስም ገና ሊመረመር የሚገባው ሐሳብ ነው፤ ማረጋገጫው የሚገኘው ከገለጻውና ከተረጋገጠ ናሙና ጋር በማስተያየት ነው። ተማሪዎች የተከተሉትን የቁጥር መንገድ ጽፈው እንዲያስረክቡ ቢያደርጉ፣ መልሱ ሲሳሳት የትኛው ጥንድ ላይ እንደተሳሳተ ወዲያው ያዩታል፤ ውጤትም መስጠት ያለብዎ ለዚህ መንገድ ነው።

ብዙ ስህተት የሚመጣው «ቅጠል» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ካለመስማማት ነው። የጃካራንዳን አንዲት ቅንጣት ይዞ «ቅጠሉ 1 ሴንቲ ሜትር ነው» የሚል ተማሪ የያዘው ንዑስ ቅጠል ነው፤ ሙሉው ቅጠል ከክንድ ግማሽ ሊረዝም ይችላል። መለያው እንቡጡ ነው፤ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ትንሽ እንቡጥ ካለ የያዝነው ሙሉ ቅጠል ነው፣ እንቡጥ ከሌለ ግን የቅጠል ክፋይ ነው። በአበባም በኩል ተመሳሳይ ነገር ይገጥማል። በመስከረም ተማሪዎቹ ይዘው የሚመጡት አደይ አበባ አንድ አበባ ይመስላል እንጂ ብዙ ጥቃቅን አበቦች በአንድ ራስ ላይ የተሰበሰቡበት ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ዝርግ ክፍሎች እያንዳንዳቸው ራሱን የቻለ አበባ ናቸው፣ መሃል ላይ የታጨቁትም እንዲሁ። «የአበባ ቅጠሉ ብዛት ስንት ነው?» የሚል ጥንድ ላይ ዙሪያውን ቆጥሮ የሚያልፍ ሰው ከዚያ በኋላ አይመለስም።

በእንስሳት በኩልም ይኸው ነው። በየትምህርት ቤቱ የማያቸው የነፍሳት ቁልፎች ብዙውን ጊዜ «ክንፍ አለው፤ ክንፍ የለውም» ብለው ይጀምራሉ። ሠራተኛ ጉንዳኖች ክንፍ የላቸውም፤ በመራቢያ ወቅት የሚበርሩት ወንዶቹና ወጣት ንግሥቶቹ ግን አላቸው፤ ስለዚህ አንድ ዝርያ በቁልፉ ሁለት ጫፍ ላይ ይወድቃል። ከሁሉ የከፋው ግን «ጠቃሚ ነው፤ ጎጂ ነው» የሚል ጥንድ ነው። ጥቅምና ጉዳት በናሙናው ላይ በዐይን የሚታይ ምልክት ስላልሆነ በቁልፍ ውስጥ ቦታ የለውም፤ እንዲህ ያለ ቁልፍ ካገኙ አይጠቀሙበት።

የስልክ መተግበሪያን በተመለከተ መልሴ አይተካውም የሚል ነው። መተግበሪያው ፎቶውን ቀድሞ ካያቸው ፎቶዎች ጋር አነጻጽሮ የሚመስለውን ይጠቁማል። በዓለም ዙሪያ በብዛት የተተከሉትንና በብዛት ፎቶ የተነሡትን እነ ጃካራንዳንና ባሕር ዛፍን በአብዛኛው ያውቃቸዋል፤ ጥቂት ፎቶ ብቻ ባላቸው አገር በቀል ዕፅዋት ላይ ግን ጥቆማው ይደክማል፣ ሲደክምም ስም መስጠቱን አይተውም። ሽታን፣ የተሰበረ ዘንግ የሚያወጣውን ፈሳሽ፣ የቅጠልን ሻካራነት በፎቶ አያገኝም። ከትምህርት አንጻር ትልቁ ጉድለቱ ደግሞ ምክንያቱን አለመናገሩ ነው፤ ተማሪው ስሙን ይዞ ይወጣል፣ ለምን እንደዚያ እንደተባለ ግን አይጠይቅም። ቁልፉ ከተሠራበት በኋላ እንደ ሁለተኛ አስተያየት ቢጠይቁት ግድ የለም።

የማሳስብዎት የራሳችሁን ቁልፍ እንድትሠሩ ነው። በእግር ሊደረስባቸው ከሚችሉ ቦታዎች 12 ዛፎችን ብቻ ይምረጡ፤ ለምሳሌ የሐበሻ ጽድ፣ የፈረንጅ ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ነጭ ባሕር ዛፍ፣ ግራቪሊያ፣ ጃካራንዳ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ኮሶ፣ ብሳና፣ ዋንዛና ግራር። ከግቢያችሁ የሌለው በአካባቢው ባሉ አብያተ ክርስቲያናትና መናፈሻዎች ሊገኝ ይችላል፤ ሳያስፈቅዱ ግን ቅርንጫፍ አይቁረጡ። እያንዳንዱ ዝርያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጣበት ቁልፍ ሁልጊዜ ከዝርያዎቹ ብዛት በአንድ ያነሱ ጥንዶች ይኖሩታል፤ ለ12 ዛፍ 11 ጥንድ ማለት ነው። ክፍፍሉ ከተመጣጠነ ማንኛውም ዛፍ በአራት ደረጃ ይገኛል፤ አንድ በአንድ እየነጠለ የሚሄድ ቁልፍ ግን የመጨረሻውን ዛፍ ፈላጊ 11 ደረጃ ያስኬደዋል።

ከጥንዶቹ በፊት ሠንጠረዥ ይሥሩ። በአንድ በኩል ዛፎቹን፣ በሌላው ምልክቶቹን ጽፈው ክፍት ቦታዎቹን ተማሪዎቹ ናሙና ይዘው እንዲሞሉ ያድርጉ፤ ከየዝርያው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዛፎችን ካላዩ አንዱን ለሁሉ ይቆጥራሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚታዩ ምልክቶችን ያስቀድሙ፤ የቅጠሉን አቀማመጥ፣ መከፋፈሉን፣ ጠርዙን፣ እሾሁን፣ ሲታሽ የሚሰጠውን ሽታ። የመጀመሪያው ጥንድ «ቅጠሉ ወደ ንዑስ ቅጠሎች የተከፋፈለ ነው» እና «ቅጠሉ ያልተከፋፈለ ነው» ሊሆን ይችላል። በተከፋፈለው በኩል ጃካራንዳና ግራር ሁለት ጊዜ የተከፋፈሉ ስለሆኑ ይለያሉ፤ ጃካራንዳ ቅጠሉ ፊት ለፊት ይወጣል፣ እሾህም የለውም፤ ግራር ቅጠሉ በየተራ ይወጣል፣ በሥሩም ጥንድ እሾህ ይይዛል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተከፋፈሉት መካከል ቁንዶ በርበሬ ጠባብና የተንጠለጠለ ንዑስ ቅጠል ሲኖረው ሲታሽ በርበሬ በርበሬ ይላል፤ የኮሶ ንዑስ ቅጠል ግን ሰፊ ነው፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። ግራቪሊያ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ቅጠሉ እጅግ በጥልቀት ስለተቀደደ ግማሹ ክፍል «ተከፋፍሏል»፣ ግማሹ «አልተከፋፈለም» ይላል። እዚህ ላይ ተማሪዎቹን ለማሸነፍ አይሞክሩ፤ ግራቪሊያን በሁለቱም በኩል እንዲወጣ ያድርጉትና ጥንዶቹን 12 ያድርጓቸው። ተጠቃሚው የሚሳሳትበትን ቦታ አስቀድሞ ያወቀ ቁልፍ ጥሩ ቁልፍ ነው።

በአጻጻፍ በኩል የጥንዱ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ስለ አንድ አካል መናገር አለባቸው፤ አንዱ ስለ ቅጠል ሌላው ስለ ግንድ ከተናገረ ምርጫ አይደለም። «ትልቅ»፣ «ትንሽ»፣ «ረጅም» የሚሉ ቃላትን በቁጥር ይተኩ፤ ቁጥሮቹም እንዳይደራረቡ በመካከላቸው ክፍተት ይተዉ። ለሁለቱ ጽዶች ጥንድ ሲጽፉ ኮኑን ብቻ አይጠይቁ፤ ወንድ ጽድ ለሚያገኘው ተማሪ «ኮን ከሌለ ይህን ተመልከት» የሚል ተጨማሪ ምልክት ይስጡት፤ ቅጠሉንም ከጎለመሰና ፀሐይ ከሚያገኘው ቅርንጫፍ እንዲያይ በግልጽ ያዙት። ሲጨርሱ ቁልፉን ለሠሩት ተማሪዎች አይፈትኑበት፤ ዛፎቹን አስቀድመው ስለሚያውቁ መልሱን ከቁልፉ ሳይሆን ከራሳቸው ያመጣሉ። ለሌላ ክፍል ይስጡት፤ በመስከረም የተፈተነው በሚያዝያ እንደገና ይፈተን።

ጥቂት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ተማሪዎች ለመለየት ብለው ምንም ነገር መቅመስ የለባቸውም። እንደ ቁልቋል ያሉ ነጭ ወተት የሚያወጡ ዕፅዋት ፈሳሻቸው ዐይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ አይሰበሩ፤ ከነኩም ወዲያው እጅ ይታጠብ። በእንጉዳይ ላይ ልምምዱ ከመመልከት እንዳያልፍ፤ የትኛውም የትምህርት ቤት ቁልፍ ይህ ይበላል ለማለት አይበቃም። የመድኃኒት ዕፅዋትም እንደዚሁ ናቸው፤ ስሙን ማግኘት ለመጠቀም ፈቃድ አይደለም።

አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ብሔራዊ ሔርባሪየም (የደረቁ የዕፅዋት ናሙናዎች የሚቀመጡበት ቦታ) ከእናንተ ሰፈር ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ሙሉ ገለጻና ቁልፎች እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 በ8 ቅጾች ታትመው ወጥተዋል፤ ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዕፅዋትን የሚሸፍኑት እነዚያ ቁልፎች የአበባን ውስጣዊ ክፍል መክፈትን ስለሚጠይቁ ለ9ኛ ክፍል አይሆኑም፤ የእናንተን 12 ዛፎች ገለጻ ለማመሳከር ግን ለእርስዎ የሚበልጥ ምንጭ የለም። አጠራጣሪ ሆኖ ለሚቀር ዛፍ ቅጠልም ኮንም ወይም አበባ ያለበትን፣ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ዘርግተው በከባድ ነገር ይጫኑት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጋዜጣውን በየዕለቱ ይለውጡ። ከናሙናው ጋር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የዛፉን ቁመትና የልጡን መልክ፣ እንዲሁም ሲደርቅ የሚጠፉትን የአበባውን ቀለምና ሽታ ገና ትኩስ ሳለ ጽፈው ያያይዙ፤ ለሚያመሳክርልዎት ባለሙያ ከቅጠሉ እኩል የሚያስፈልገው ይህ ጽሑፍ ነው።